በሁለት ትምህርቶች መካከል፦ ጎልማሳ የፒያኖ ተማሪ በስንት ቀን አንዴ ይማር?

ጎልማሳ የፒያኖ ተማሪ የሚባለው ሥራና ቤተሰብ ከያዘ በኋላ መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካ፣ ወይም በልጅነቱ ጀምሮ ትቶት ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመለስ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ በሳምንት ስንት ጊዜ መማር እንዳለበት ሲሆን፣ ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የዋጋና የጊዜ ብቻ ቢመስልም፣ ሰው በእጁ የሚሠራውን ሥራ እንዴት አድርጎ እንደሚለምድ የሚመለከት ከበድ ያለ ጉዳይ በውስጡ ይዟል። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ ጎልማሶችን ለብዙ ዓመታት ባስተማሩ አንድ የፒያኖ መምህርና፣ በሒሳብ ሥራ በሚተዳደሩ፣ ትምህርቱን ከጀመሩ አራት ወር በሆናቸው አንዲት ተማሪ መካከል የተደረገ ነው።

ተማሪዋ፦ መምህር፣ የፒያኖ ትምህርት በአብዛኛው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይሰጣል። ይህ ልክ ተጠንቶ የተገኘ ነው ወይስ በልማድ የጸና?

መምህሩ፦ በልማድ የጸና ነው። ገበያው፣ የዕረፍት ቀኑና የመሥሪያ ቤቱ ሰዓት ሁሉ በሳምንት የተከፋፈለ በመሆኑ መምህርና ተማሪም በሳምንት መገናኘት ቀለላቸው፤ ጣትና ጆሮ ግን ሳምንት የሚባል ነገር አያውቁም። ልማዱም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም። የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲው ፍሬደሪክ ሾፓን እ.ኤ.አ. በ1831 ፓሪስ ገብቶ በ1849 እስኪሞት ድረስ ዋናው መተዳደሪያው ማስተማር ሲሆን፣ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ በሙዚቃ ለመተዳደር ያላሰቡ፣ ለራሳቸው ደስታ የሚማሩ ወይዛዝርት ነበሩ። አንዱ ትምህርት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት የሚወስድ፣ ዋጋውም 20 ፍራንክ የሆነ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሌሎቹ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይማሩ ነበር፤ ልዩነቱን የሚወስነውም የተማሪዋ ችሎታ፣ ትርፍ ጊዜና የገንዘብ አቅም ነበር።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው በሳምንት ሦስት ጊዜ የተማረችው አንድ ጊዜ ከተማረችው በሦስት እጥፍ ትቀድማለች ማለት ነው?

መምህሩ፦ አይደለም፤ ምክንያቱም ሰው ፒያኖ የሚለምደው ከመምህሩ ፊት በተቀመጠበት ሰዓት ሳይሆን፣ በአንዱ ትምህርትና በሚቀጥለው መካከል ባሉት ቀናት ነው። ትምህርት ማለት መምህሩ የሚሰማበት፣ የሚያርምበትና ቀጣዩን ሥራ የሚሰጥበት ሰዓት ሲሆን፣ ልምምድ ማለት ደግሞ ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ የታረመውን ነገር በጣቱ ላይ የሚያሳድርበት ሰዓት ነው። ሁለቱ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም፤ ያለ ልምምድ የሚደጋገም ትምህርት በየጊዜው አንዱኑ ነገር መልሶ መስማት ይሆናል፣ ያለ ትምህርት የሚረዝም ልምምድም መንገድ ሳይጠይቁ በፍጥነት እንደ መሄድ ነው። ሾፓን ራሱ በቀን ስድስት ሰዓት የምትለማመድ ተማሪውን ተቆጥቶ ከሦስት ሰዓት እንዳታልፍ መከልከሉ ይነገራል፤ ይህም የሰዓት ብዛት ብቻውን ዋጋ እንደሌለው ለታላቁ መምህር ግልጽ እንደነበረ ያሳያል። ስለዚህ «በሳምንት ስንት ጊዜ?» የሚለው ጥያቄ መገልበጥ አለበት። ትክክለኛው ጥያቄ፣ ይህ ተማሪ ዛሬ ባለበት ደረጃ ያለ መምህር ስንት ቀን ቢቆይ ነው ስሕተቱ የማይደርቅበት የሚለው ነው።

ተማሪዋ፦ ስሕተት ይደርቃል ሲባል ምን ማለት ነው?

መምህሩ፦ ሸክላ ሠሪ እርጥቡን ጭቃ በጣቷ ገፋ አድርጋ ታቃናዋለች፤ ከደረቀ በኋላ ግን የሚሰበር እንጂ የሚቃና አይሆንም። በፒያኖም እንዲሁ ነው፤ ምሳሌውን ከመጀመሪያው ስኬል መውሰድ ይቻላል። ስኬል ማለት ድምፆችን በየተራቸው ወደ ላይና ወደ ታች መጫወት ሲሆን፣ በቀኝ እጅ ከዶ ሲነሡ አውራ ጣት ዶን፣ ጠቋሚ ጣት ሬን፣ መካከለኛው ጣት ሚን ይመታና፣ ከዚያ አውራ ጣት ከሥር ሾልኮ ፋን ይይዛል። ብዙ ጎልማሳ ጀማሪዎች ግን አውራ ጣቱን የሚያሾልኩት ከቀለበት ጣት በኋላ ነው። ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት፣ ማለት ኦክታቭ በሚባለው፣ ይህ ስሕተት ፈጽሞ አይሰማም፤ ስምንቱም ድምፆች ልክ ናቸው፣ ጆሮም አይከስም። ጉዳቱ የሚታየው ስኬሉ ሁለት ኦክታቭ ሲሆንና ፍጥነት ሲጨመር፣ እጁ ተደናግሮ በመካከል ሲቆም ነው። በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚለማመድ ትጉህ ተማሪ በስድስት ቀን ውስጥ ያንን የተሳሳተ አካሄድ 180 ጊዜ ጽፎታል፤ በሰባተኛው ቀን መምህሩ ዘንድ ሲመጣም የትምህርቱ ሰዓት የሚያልቀው አዲስ ነገር በማስተማር ሳይሆን የተጻፈውን በመፋቅ ነው። እዚህ ላይ ሰነፉ ተማሪ ከትጉሁ ያነሰ ጉዳት ደረሰበት ማለት ነው፤ ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው፣ ጎልማሶችን ተስፋ ከሚያስቆርጡት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው።

ተማሪዋ፦ ታዲያ የተካነ ሰው ለወራት ያለ መምህር ሲሠራ ስሕተቱ ለምን አይደርቅበትም?

መምህሩ፦ የራሱን ስሕተት ራሱ ስለሚይዝ ነው። በኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ዱክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህንን በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። ፒያኖን በከፍተኛ ደረጃ የሚያጠኑ 17 ተማሪዎች ከሙዚቃ ደራሲው ከሾስታኮቪች የመጀመሪያ የፒያኖ ኮንቸርቶ የተወሰደ አጭርና አስቸጋሪ ክፍል ተሰጥቷቸው እስከሚበቃቸው ድረስ እንዲለማመዱ ተደረገ፤ በማግሥቱም ተፈተኑ። የማግሥቱን ውጤት የወሰነው የተለማመዱበት ደቂቃ ብዛት ወይም ክፍሉን የደጋገሙበት ቁጥር ሳይሆን፣ ስሕተት ሲያጋጥማቸው ያደረጉት ነገር ነበር። የተሻሉት ስሕተቱ ያለበትን ቦታ ለይተው፣ ፍጥነቱን ቀንሰው፣ ያንኑ ቦታ እስኪስተካከል ደጋግመው፣ ከዚያ ወደፊት የሄዱት ናቸው። ጀማሪ ጎልማሳ ግን ይህ ዐይንና ጆሮ ገና አልበቀለለትም፤ መምህሩ ለእርሱ የተውሶ ጆሮ ነው። የተውሶው ጆሮ ምን ያህል መደጋገም እንዳለበት የሚወሰነውም የራሱ ጆሮ በበቀለበት መጠን ነው።

ለዚህ ምልልስ አንባቢ አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት ተማሪው ከየኔታ የተቀበለውን ቃል ሲያንጎራጉር ይውላል፤ ሲሳሳት ግን አጠገቡ ያለው ከፍ ያለ ተማሪ እዚያው ይመልሰዋል፣ ያልተመለሰውም ለየኔታ ሲያሰማ ይታረማል። ስሕተት ከተወለደበት ሰዓት እስከሚታረምበት ሰዓት ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ዜማው ሳይዛባ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈበት አንዱ ምክንያትም ይህ ሳይሆን አይቀርም። በከተማ ብቻውን በኪቦርድ ፊት የሚቀመጥ ሠራተኛ ግን ለስድስት ቀን የሚሰማው ሰው የለውም። ተማሪዋም ይህንኑ ልማድ አንሥተው ጥያቄያቸውን ቀጠሉ።

ተማሪዋ፦ በየኔታ ቤት ተማሪው ከመምህሩ አይርቅም፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪም እንዲሁ ነው። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ፒያኖን የጀመሩት በ16 ዓመታቸው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው ነው ይባላል፤ ሆኖም የሙሉ ቀን ተማሪ ነበሩ። ቀኑን በቢሮ ለሚውል ሰው የእነዚህ ሰዎች አካሄድ ምን ይጠቅመዋል?

መምህሩ፦ ሰዓቱ አይጠቅመውም፣ ሥርዓቱ ግን ይጠቅመዋል። ሥርዓቱም ከስሕተት እስከ እርማት ያለውን ርቀት ማሳጠር ነው። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት አንድ ሰዓት በሳምንት አንድ ጊዜ ከመማር ይልቅ፣ ያንኑ አንድ ሰዓት ለሁለት ከፍሎ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት መማር የሚሻለው። ክፍያው አንድ ነው፤ ተማሪው ብቻውን የሚሳሳትበት ጊዜ ግን ከስድስት ቀን ወደ ሁለትና ሦስት ቀን ይወርዳል። ከዚህም ሌላ፣ ጀማሪ ጎልማሳ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትከሻው ይወጠራል፣ ትኩረቱ ይዝላል፤ የሰዓቱ ሁለተኛ አጋማሽ በአብዛኛው የሚባክን ነው።

ተማሪዋ፦ ያው አንድ ሰዓት ተከፍሎ የበለጠ ፍሬ ይሰጣል የሚለው ነገር ለሒሳብ ሠራተኛ አእምሮ ይከብዳል።

መምህሩ፦ ይከብዳል፤ ነገር ግን የተመዘነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመው የአለን ባደሊና የሎንግማን ጥናት የብሪታንያ የፖስታ ሠራተኞች በመጻፊያ መኪና ዓይነት ቁልፎች መሥራትን ሲማሩ የተደረገ ነው። አንዱ ቡድን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ ሌላው በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በመካከል ያሉት ሁለት ቡድኖች ደግሞ በቀን ሁለት ሰዓት እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ቁልፎቹን ለይቶ ለማወቅ በቀን አንድ ሰዓት የሠለጠኑት በድምሩ 35 ሰዓት ያህል ሲበቃቸው፣ በቀን አራት ሰዓት የሠለጠኑት ወደ 50 ሰዓት ግድም ፈጀባቸው። ከዚህ ጥናት ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በሥልጠናቸው ያነሰ እርካታ የተሰማቸው እነዚያው ሰዓታቸውን በተሻለ ሁኔታ የተጠቀሙት፣ በቀን አንድ ሰዓት የሠለጠኑት ነበሩ። በቀን መቁጠሪያው ሲታይ ትምህርታቸው ብዙ ሳምንት ስለ ወሰደ ወደ ኋላ የቀሩ መሰላቸው። ጎልማሳ ተማሪም «ዛሬ ብዙ ሠራሁ» የሚለው ስሜት የትክክለኛ መማር ምልክት እንዳልሆነ ማወቅ አለበት።

ተማሪዋ፦ ሰው በሚያርፍበት ጊዜ ይማራል ማለት ነው?

መምህሩ፦ በከፊል እንዲያ ነው። ማቲው ዎከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች አጭር የጣት ቅደም ተከተል እንዲለማመዱ ተደርጎ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ተፈትነው ነበር፤ በንቃት የቆዩት ይህ ነው የሚባል ለውጥ ሳያሳዩ፣ በመካከል ሌሊቱን የተኙት ግን ያለ ምንም ተጨማሪ ልምምድ በ20 በመቶ ያህል ፈጥነው ተገኙ። ስለዚህ በሳምንት ውስጥ የሚቆጠረው የሰዓት ብዛት ብቻ አይደለም፤ ልምምድ ተደርጎባቸው ያደሩ ሌሊቶችም ይቆጠራሉ። እሑድ ሁለት ሰዓት ተኩል የተለማመደ ሰው አንድ ሌሊት አለው፤ በአምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት የተለማመደው አምስት ሌሊት አለው።

ተማሪዋ፦ በዚህ በአራት ወር ውስጥ የታየው ልማድ ግን ተቃራኒው ነው። ትምህርቱ ቅዳሜ ከሆነ ሰኞና ማክሰኞ በሥራ ያልፋሉ፣ ረቡዕ ድካም ይሆናል፣ ዐርብ ማታ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠራል። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው።

መምህሩ፦ ብዙ ነው፤ ነውርም የለበትም፣ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ራሱን መፈተኛ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ አዲስ የተማሩት ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየዘገመ ይሄዳል። እርሱ የፈተነው በቃል የተያዙ ትርጉም አልባ ክፍለ ቃላትን ቢሆንም፣ መምህሩ በእርሳስ ምልክት ያላደረገበት እርማት እንዴት እንደሚጠፋ ያየ ሰው ነገሩን አይጠራጠረውም። ከሳምንቱ ልምምድ ሁሉ እጅግ የሚጠቅመው ትምህርቱ በተሰጠበት በዚያው ዕለት ማታ የሚደረገው ሃያ ደቂቃ ነው፤ የመምህሩ ድምፅ ገና ከጆሮ አልወጣምና። የዐርብ ማታው ግን በአብዛኛው የመምህሩን ፊት ለማየት መዘጋጀት ብቻ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይረሳል።

ተማሪዋ፦ ምንም ያልተለማመዱበት ሳምንት ሲመጣስ? አብዛኛው ጎልማሳ ያን ጊዜ ደውሎ ይቀራል።

መምህሩ፦ ይህ ነው ትልቁ ስሕተት። ጎልማሳ ሰው በሥራው የተከበረ፣ ሰው የሚጠይቀው ሆኖ ሳለ፣ በሁለት መስመር ኖታ ፊት እንደ ሕፃን መንተባተብ ያሳፍረዋል፤ ኖታ ማለት ሙዚቃ የሚጻፍበት ፊደል እንደ መሆኑ መጠን፣ ፊደል ቆጣሪነቱን መልሶ የጀመረ ያህል ይሰማዋል። ሳይለማመድ መምጣት በዚህ ላይ ሲጨመር እፍረቱ እጥፍ ይሆናል፤ አንዱን ሳምንት ይቀራል፣ በሚቀጥለው ይበልጥ አልተዘጋጀም፣ እንደገና ይቀራል፣ በሦስተኛው ጭራሽ አይመለስም። አንድም ጊዜ «ትቻለሁ» ሳይል የተወ ተማሪ ብዙ ነው። ባልተለማመዱበት ሳምንት ከመቅረት ይልቅ መጥቶ እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ጥሩ መምህር ያንን ሰዓት ወደ ልምምድ ሰዓት ይለውጠዋል፣ ማለትም ተማሪው እቤቱ ሊያደርገው የሚገባውን ከፊቱ እንዲያደርገው ያደርጋል። አልፎ አልፎ ከሁሉም የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው፤ መምህሩ ተማሪው ብቻውን ሲሆን እንዴት እንደሚሠራ የሚያየው በዚህ አጋጣሚ ብቻ ነውና።

ተማሪዋ፦ ትምህርቶቹን ማራራቅ የሚቻለው እንግዲህ መቼ ነው?

መምህሩ፦ ሦስት ምልክቶች አሉ። ተማሪው ሲሳሳት ከመምህሩ በፊት ራሱ ከቆመ፣ አዲስ ገጽ ሲሰጠው የጣት ቁጥሩን ራሱ መጻፍ ከቻለ፣ እርሳስ ይዞም ለሚቀጥለው ትምህርት ጥያቄ ጽፎ ከመጣ፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ረዘም ያለ ትምህርት ሊበቃው ይችላል። በአብዛኛው ይህ ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት አይሆንም፤ እስከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ መማር ደኅና ሚዛን ነው። ጉዞው ግን ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ አይደለም። ከለመደው በላይ የሆነ ሥራ ሲጀምር፣ ለምሳሌ ከአጫጭር ዳንሶች ወጥቶ ፕሪሉድ ወደሚባሉት የባኽ ሥራዎች ሲገባ፣ ወይም በሰው ፊት ለመጫወት ሲዘጋጅ እንደገና መቀራረብ ያስፈልገዋል። የእጅ አንጓ ወይም ክንድ ማመም ከጀመረ ደግሞ ልምምዱን ዕለቱኑ አቁሞ ለመምህሩ መንገር ይገባዋል፤ ሕመሙ ከቀጠለም ቦታው ሐኪም ዘንድ ነው።

ተማሪዋ፦ ለመምህሩስ? በሁለት ሳምንት አንዴ የሚመጣ ተማሪ ሰዓቱን ባዶ ያስቀርበታል።

መምህሩ፦ እውነት ነው፤ አንዳንድ መምህር በሳምንት ካልሆነ አልቀበልም የሚለው ለዚህ ነው፣ ኑሮ ነውና አይፈረድበትም። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ሰዓት ላይ ሳምንት ሳምንት ቢፈራረቁበት ግን ችግሩ ይቃለላል። ከዚህ ሌላ በትምህርቶቹ መካከል ተማሪው በስልኩ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጾ ቢልክ፣ ፊቱን ሳይሆን እጁን ከጎን አድርጎ፣ መምህሩም አንዲት ቃል ቢመልስለት፣ የስሕተቱ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። ተማሪው ከመላኩ በፊት ራሱ ሲያየው ደግሞ የተውሶ ጆሮውን በራሱ ጆሮ መተካት ይጀምራል። መተግበሪያ ትክክለኛው ቁልፍ መመታቱን ይነግራል፤ አውራ ጣት ከየትኛው ጣት በኋላ እንደ ሾለከ ግን በአብዛኛው አይነግርም።

ተማሪዋ፦ ቤት ያለው መሣሪያ ከፒያኖው ሲለይስ? በቤት ያለው 61 ቁልፍ ያለው ቀላል ኪቦርድ ነው።

መምህሩ፦ ያ ትምህርቶቹን ማቀራረብ አስፈላጊ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ሙሉው ፒያኖ 88 ቁልፍ ያለው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁልፍ መዶሻ አንሥቶ ክር ስለሚያስመታ ለጣት ክብደት አለው፤ ቀላሉ ኪቦርድ ግን በስፕሪንግ (በሞላ) ብቻ ይመለሳል። በኪቦርድ ብቻ የሚለማመድ ሰው ጣቱ ቀሎ ያድጋልና፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ከከባዱ ቁልፍ ጋር ባይገናኝ ድምፅን ማጉላትና ማለስለስ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይቀራል። ገንዘብ ሲገኝ ትምህርት ከማብዛት አስቀድሞ ክብደት ያለው ቁልፍ ያለውን ዲጂታል ፒያኖ መግዛት ይበጃል።

ተማሪዋ፦ ለሒሳብ ሠራተኛ አንድ ችግር ይቀራል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሰኔና ሐምሌ ደግሞ ማምሻም ዕረፍትም የሌለባቸው ወራት ናቸው። በእነዚያ ወራት መቀጠሉ ይጠቅማል ወይስ ማቋረጡ?

መምህሩ፦ ማቋረጡ አይጠቅምም፤ ትምህርቶቹን አቀራርቦ መያዝም አይቻልም። በሁለቱ ወራት በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ይምጡ፣ አዲስ ሥራም አይጀምሩ፤ እስካሁን ያወቋቸውን ሦስት አጫጭር ሥራዎች ብቻ እያነሡ፣ ከእራት በፊት ለአሥር ደቂቃ ይጫወቱ። የሚታወቅ ሥራ ስሕተቱ ቶሎ ስለማይደርቅ ሁለት ሳምንት ይችላል። አዲሱ ሥራ ለመስከረም ይቆይ፤ ያን ጊዜ ማክሰኞና ዐርብ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ለሁለት ወር ይያዙ፣ ከዚያ ወደ ሳምንት ይመለሱ።

ተማሪዋ፦ እስከ ሰኔ ያሉት ሳምንታትስ?

መምህሩ፦ እንደ ለመዱት ቅዳሜ ይሁን። ዛሬ ማታ ግን ኪቦርዱን ሳይከፍቱ አይደሩ፤ የቀኝ እጁን ስኬል በዝግታ ሁለት ኦክታቭ አድርገው አሥር ጊዜ ብቻ ይሂዱበት፣ ከሚ በኋላ አውራ ጣቱ ፋን መያዙን በዐይንዎ እያዩ። ማክሰኞ ማታ እጅዎን ከጎን ቀርጸው ይላኩ።